ሜሪላንድ ከሎስ አንጀለስ ቡድኖች ጋር የሚጫወተው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጃችን ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የኮሌጅ ፉትቦል ማየት ጀምረናል። ያልገባኝ ነገር ቢኖር፣ የአካባቢያችን ቡድን ከጎረቤት ዩኒቨርሲቲዎች ይልቅ ከሎስ አንጀለስና ከሲያትል ቡድኖች ጋር በአንድ ኮንፈረንስ ውስጥ መሆኑ ነው። የጠየቅኳቸው ሁሉ «የቴሌቪዥን ገበያ ነው» ይሉኛል። ገበያው እንዴት አድርጎ ነው ዩኒቨርሲቲዎችን ከቦታቸው የሚያንቀሳቅሰው? ሜሪላንድስ ወደ ቀድሞ ኮንፈረንሱ የሚመለስበት ዕድል አለ?

ምላሽ፦ «የቴሌቪዥን ገበያ ነው» ያሉዎት ሰዎች እውነቱን ነግረውዎታል፤ የነገሩዎት ግን ግማሹን ነው። ሜሪላንድ ዛሬ ወዳለበት ኮንፈረንስ፣ ወደ ቢግ ቴን የገባበት ምክንያትና የሎስ አንጀለሶቹ የገቡበት ምክንያት አንድ አይደለም። በሁለቱ መካከል አሥር ዓመት አለ፤ በነዚያ ዓመታት ቴሌቪዥን ገንዘብ የሚሰበስብበት መንገድ ተለውጧል። ሜሪላንድ የተፈለገው በዙሪያው ስላሉት ቤቶች ነው። ዛሬ የሚፈለገው ጨዋታውን ከፍቶ የሚያይ ሰው ነው። ብዙ ቤት ያለበት ከተማና ብዙ ተመልካች ያለው ቡድን አንድ የሚመስሉት ከሩቅ ሲታዩ ብቻ ነው፤ ስታንፎርድን የመሰለ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ላይ ያስቀረውም ይኸው ልዩነት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮንፈረንስ ማለት በመሠረቱ የጎረቤታሞች ማኅበር ነበር። በአውቶቡስና በባቡር የሚገናኙ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ እርስ በርስ ይጫወታሉ፤ ሻምፒዮናቸውን ይለያሉ። ሜሪላንድ በ1953 ኤ ሲ ሲ የተባለውን ኮንፈረንስ ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ ባልንጀሮቹም ዱክ፣ ኖርዝ ካሮላይናና የመሳሰሉት የደቡብ ምሥራቅ ጎረቤቶቹ ነበሩ። በዚያ ዘመን የቴሌቪዥኑን ጉዳይ የሚወስነው ኤን ሲ ኤ ኤ፣ ማለትም የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል ነበር። ምን ያህል ጨዋታ እንደሚተላለፍና አንድ ቡድን ስንት ጊዜ በስክሪን እንደሚታይ የሚወስነውም እርሱ ነው። ጨዋታው ቤት ድረስ ከመጣ ስታዲየሙ ባዶ ይቀራል የሚል ስጋት ነበር።

ይህን ሥርዓት ያፈረሱት የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ክሳቸው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1984 በሰባት ለሁለት ድምፅ አሸነፉ፤ የኤን ሲ ኤ ኤ ቁጥጥር የፀረ ሞኖፖል ሕግን ይጥሳል ተባለ። በልዩነት ከቆሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ባይረን ኋይት፣ በወጣትነቱ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ስሙ የገነነ የፉትቦል ተጫዋች ነበር። ገደቡ የኮሌጅ ስፖርት ከትምህርት ጋር ያለውን ትስስር ይጠብቃል ብሎ ተከራከረ። የሕጉን ክርክር ለሕግ ሰዎች ልተውና፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሳይ ኋይት የሚናገረውን የሚያውቅ ሰው እንደነበር አምናለሁ። ከፍርዱ በኋላ ሁሉም ጨዋታውን ይዞ ገበያ ወጣ፤ አቅርቦቱ ስለበዛ በመጀመሪያ ዋጋው ወደቀ። ቀስ በቀስ ግን ኮንፈረንሶች የአባሎቻቸውን የስርጭት መብት በአንድነት የሚሸጡ ነጋዴዎች ሆኑ። ያን ጊዜ የአባላት ዝርዝር የሸቀጥ ዝርዝር ሆነ።

የመጀመሪያው ትልቅ ተጎጂ ሳውዝዌስት ኮንፈረንስ ነው። አርካንሶ ለቆ የደቡብ ምሥራቅ ዩኒቨርሲቲዎች ኮንፈረንስ ወደሆነው ኤስ ኢ ሲ ሲሄድ የቀሩት አባላት በሙሉ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። የአንድ ግዛት ተመልካች ይዞ ከአገር አቀፍ ጣቢያዎች ጋር መደራደር አልተቻለም፤ ቴክሳስና ሌሎች ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ቢግ ኤይት ከተባለው ሌላ ኮንፈረንስ ጋር ተዋህደው ቢግ 12ን መሠረቱ፤ አሮጌው ኮንፈረንስ በ1996 ተዘጋ።

ሜሪላንድን ያንቀሳቀሰው ግን ከዚህ የረቀቀ ነገር ነው። ኒልሰን የተባለው የተመልካች መለኪያ ድርጅት አሜሪካን በ210 የቴሌቪዥን ገበያዎች ከፍሏታል። ኒው ዮርክ አንደኛ፣ ሎስ አንጀለስ ሁለተኛ ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ነው፤ ባልቲሞር ደግሞ ለብቻው የቆመ ሌላ ገበያ ነው። በ2007 ቢግ ቴን ከፎክስ ጋር በሽርክና የራሱን ጣቢያ ሲከፍት ይህ ካርታ የገንዘብ ካርታ ሆነ። የኬብል ኩባንያ አንድን ጣቢያ በጥቅሉ ውስጥ ሲያስገባ ለጣቢያው በየወሩ በየተመዝጋቢው ቤት ይከፍላል። የቢግ ቴን ጣቢያ የሚያስከፍለው እንደ ቤቱ አድራሻ ነበር፤ አባል ዩኒቨርሲቲ ባለበት ግዛት በወር ወደ አንድ ዶላር፣ ከዚያ ውጭ አሥር ሳንቲም ገደማ።

እርስዎ በሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ በ2014 ኬብል ያስገባ አንድ የእኛ አገር ሰው ቤት ይታሰብዎ። አባት ዜና ያያሉ፤ ልጆች ካርቱን ያያሉ፤ ፉትቦል እዚያ ቤት ተከፍቶ አያውቅም። የኬብል ጥቅል ግን አይከፋፈልም፤ ጣቢያው በመደበኛው ጥቅል ውስጥ ከገባ ያየም ያላየም እኩል ይከፍላል። ሜሪላንድ ቢግ ቴንን ሲቀላቀል በዚያ ቤት ስም የሚከፈለው ሳንቲም ወደ ዶላር አደገ። ቤተሰቡ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት አያውቅም፤ በወር መጨረሻ ግን ሂሳቡ ውስጥ አለ። እንዲህ ያሉ አንድ ሚሊዮን ቤቶች በዓመት ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር ያመጣሉ። ገንዘቡን የሚያስገኘው የተመልካች ፍቅር ሳይሆን የግዛት ድንበር ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ በኅዳር 2012 የቢግ ቴኑ ኮሚሽነር ጂም ዴላኒ ሜሪላንድንና የኒው ጀርሲውን ረትገርስን አከታትሎ ሲያመጣ ብዙ ሰው ግራ ተጋባ፤ ስሌቱን ለሚያውቅ ግን ግልጽ ነበር። ረትገርስ በ1869 የመጀመሪያው የኮሌጅ ፉትቦል ጨዋታ የተካሄደበት ዩኒቨርሲቲ ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ የገነነበት ዘመን ጥቂት ነው። አጠገቡ ኒው ዮርክ አለ፤ ይህ በቂ ነበር። ሜሪላንድ ዲሲንና ባልቲሞርን ይዞ መጣ። ሜሪላንድም የመጣው ጨንቆት ነው፤ በዚያው ዓመት በገንዘብ እጦት ሰባት የስፖርት ቡድኖቹን ዘግቶ ነበር። ኤ ሲ ሲ የመውጫ ክፍያ ብሎ ከ52 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠየቀው፤ በ2014 ወጣ፤ ከፍርድ ቤት ምልልስ በኋላም በዚያው ዓመት ከ31 ሚሊዮን በላይ በሆነ ገንዘብ ተስማሙ።

ከዚያ የኬብሉ ዓለም መፍረስ ጀመረ። ኢ ኤስ ፒ ኤን የተባለው የስፖርት ጣቢያ በ2011 ወደ 100 ሚሊዮን ቤቶች ውስጥ ነበር፤ በ2023 ቁጥሩ ወደ 70 ሚሊዮን ገደማ ወርዷል። ሰው ኬብሉን አስቆርጦ ወደ ኢንተርኔት ሲሄድ ያ ፉትቦል የማያይ ቤተሰብ የሚከፍለው ዶላር አብሮ ሄደ። ለጣቢያዎቹ የቀረላቸው ሰው በሰዓቱ ቁጭ ብሎ፣ ማስታወቂያውን ሳይዘል የሚያየው ቀጥታ ስፖርት ነው። ድራማ ነገም ይታያል፤ ጨዋታ ግን ካለፈ አለፈ። እዚህ ላይ ጥያቄው «ቡድኑ ስንት ቤት አጠገብ ነው?» መሆኑ ቀርቶ «ይህ ቡድን ሲጫወት ስንት ሰው ይከፍታል?» ሆነ። ሐምሌ 2021 ቴክሳስና ኦክላሆማ ቢግ 12ን ትተው ወደ ኤስ ኢ ሲ እንደሚሄዱ ሲያሳውቁ ዓላማው አዲስ ገበያ መክፈት አልነበረም፤ ኤስ ኢ ሲ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በኩል ቴክሳስ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። የተፈለገው አላባማና ቴክሳስ፣ ጆርጂያና ኦክላሆማ የሚገናኙበት ቅዳሜ ነው።

በነሐሴ 2022 ቢግ ቴን የፈረመው ውል ነገሩን ፍንትው አድርጎ ያሳያል። ለሰባት ዓመት፣ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ ለሦስት ጣቢያዎች። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ላስቀምጠው፤ በምሥራቅ አሜሪካ ቅዳሜ ቀን 6 ሰዓት ፎክስ፣ ከቀኑ 9፡30 ሲ ቢ ኤስ፣ ከምሽቱ 1፡30 ኤን ቢ ሲ። ሦስቱም በአንቴና የሚገኙ ትልልቅ ጣቢያዎች ናቸው። ለሦስት የስርጭት ሰዓት በየሳምንቱ ሦስት ትልልቅ ጨዋታ ያስፈልጋል፤ ሜሪላንድና ረትገርስ ሲገናኙ ያን ቦታ አይሞሉም። የሎስ አንጀለሶቹ ዩ ኤስ ሲና ዩ ሲ ኤል ኤ የመጡት ለዚህ ነው። መምጣታቸው የተነገረው ሰኔ 30 ቀን 2022፣ ውሉ ከመፈረሙ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነበር። ሎስ አንጀለስ ትልቅ ገበያ መሆኗ ጠቅሟል፤ ዋናው ግን ዩ ኤስ ሲ ከኦሃዮ ስቴት ወይም ከሚሺጋን ጋር ሲጫወት ካሊፎርኒያን ረግጦ የማያውቅ ሰው ጭምር የሚያየው መሆኑ ነው።

ሁለቱ ሲወጡ የነበሩበት የምዕራብ ጠረፍ ኮንፈረንስ፣ ፓክ 12፣ ቆሰለ፤ ወዲያው ግን አልሞተም ነበር፤ የገደለው የራሱ ድርድር ነው ባይ ነኝ። እንደተዘገበው ኢ ኤስ ፒ ኤን ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ሲያቀርብ ፓክ 12 ወደ 50 ሚሊዮን ጠየቀ። ቢግ 12 ይህን ጊዜ ተጠቅሞ ቀድሞ ተዋዋለ፤ በጥቅምት 2022 ከኢ ኤስ ፒ ኤንና ከፎክስ ጋር ለስድስት ዓመት ፈረመና የሁለቱ ኩባንያዎች የስርጭት ቦታ ሞላ፤ ገንዘባቸውም ተያዘ። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» እንዲሉ፣ ሐምሌ 2023 መጨረሻ ላይ ኮሎራዶ ተቆርጦ ወደ ቢግ 12 ሄደ። ለቀሩት ዘጠኝ ዩኒቨርሲቲዎች የቀረበው የአፕል ውል ነበር፤ ጨዋታዎቹ በክፍያ በኢንተርኔት ብቻ ይታያሉ፤ ገንዘቡ ከ25 ሚሊዮን ዶላር የማይበልጥ መነሻ ሆኖ የሚያድገው ተመዝጋቢ ሲበዛ ነው። ነሐሴ 4 ቀን 2023 አርብ ጠዋት ፕሬዚዳንቶቹ ለመፈረም ተቀጣጥረው ነበር። ኦሪገንና የሲያትሉ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እንደማይፈርሙ ታወቀ። ቀኑ ሳይመሽ ሁለቱ ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ 12 መሄዳቸው ተነገረ። ከ1915 ጀምሮ የቆመ ኮንፈረንስ በአንድ ቀን አምስት አባላት አጣ። ኦሪገንና ዋሽንግተን ከነባሮቹ ድርሻ ግማሽ ያህሉን ብቻ ለመቀበል ተስማምተው ነው የገቡት፤ በአንቴና ቴሌቪዥን መታየትን ያን ያህል ፈልገውት ነበር።

«ገበያ ነው» የሚለው መልስ የሚሰነጠቀው ከዚህ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ስታንፎርድና የበርክሊው ካል በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ናቸው፤ አካባቢው ከአገሪቱ ትልልቅ የቴሌቪዥን ገበያዎች አንዱ ነው። በ2012 ስሌት ቢሆን ቢግ ቴን ደጃቸው ላይ ያድር ነበር። በ2023 ግን አልወሰዳቸውም። ቤቱ አለ፤ ተመልካቹ ግን የለም። በዚያው አካባቢ የሚኖረው ሰው የፕሮፌሽናል ቡድኖቹን ያያል እንጂ ለኮሌጅ ፉትቦል ቅዳሜውን አይሰጥም። በመጨረሻ ወደ ኤ ሲ ሲ፣ የአትላንቲክ ዳርቻ ወደሚል ስም ወዳለው ኮንፈረንስ ገቡ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት ከመደበኛው የቴሌቪዥን ድርሻ 30 በመቶ ብቻ ሊወስዱ ተስማምተው። የዳላሱ ኤስ ኤም ዩ ደግሞ ለዘጠኝ ዓመት ምንም የቴሌቪዥን ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ገባ፤ ጉድለቱን የሚሞሉለት ሀብታም ደጋፊዎች አሉት። ኤ ሲ ሲ ለምን ወሰዳቸው? ከኢ ኤስ ፒ ኤን ጋር ያለው ውል አባል በተጨመረ ቁጥር ክፍያው እንዲጨምር ስለሚያደርግ ነው፤ አዲሶቹ ያልወሰዱት ድርሻ ለነባሮቹ ተከፋፈለ። የኮንፈረንሱ ጣቢያም በካሊፎርኒያና በቴክሳስ የአባል ግዛት ዋጋ ማስከፈል ቻለ። የድሮው የኬብል ስሌት ጨርሶ እንዳልሞተ የሚያሳየው ይኸው ነው።

ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴትን የወሰዳቸው አልነበረም። ስለ እነርሱ ስጽፍ ዛሬም ይቆረቁረኛል። አንዱ ኮርቫሊስ፣ ሌላው ፑልማን የሚባሉ ትናንሽ ከተሞች ውስጥ ናቸው፤ በሜዳ ላይ ያጠፉት ነገር የለም፤ በ2023 የኦሪገን ስቴት ውጤት ከረትገርስ የሚያንስ አልነበረም። ነገር ግን ረትገርስ በ2012 በተዘጋጀለት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ውሉ ደግሞ ለነባር አባላት እኩል ይከፍላል። ረትገርስ ለዛሬው መለኪያ ቢቀርብ ይገባ እንደነበር እጠራጠራለሁ። ሜሪላንድም እንዲሁ። የእርስዎ ቡድን በሩ በቤት ብዛት ይከፈት በነበረበት የመጨረሻ ሰዓት የገባ ነው ማለት ይቻላል።

እንዲህ ሲባል ግን ቴሌቪዥኑ አዘዘ ማለት አይደለም። በየደረጃው የፈረመው የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትና የአስተዳደር ቦርድ ነው። ጣቢያዎች ዋጋ ይናገራሉ፤ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ዩ ሲ ኤል ኤ ሲሄድ ያስከተለውን ጉዳት አይቶ ዩ ሲ ኤል ኤ ለእህቱ ለበርክሊ በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል በ2024 ወስኗል፤ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ራሳቸው ያውቁታል። ዋጋውን በአካል የሚከፍሉት ግን ተማሪዎቹ ናቸው። ጥቅምት 19 ቀን 2024 ዩ ሲ ኤል ኤ ኒው ጀርሲ ላይ ረትገርስን 35 ለ 32 ረታ፤ በዚያኑ ዕለት ዩ ኤስ ሲ የሜሪላንድ ሜዳ ወዳለበት ኮሌጅ ፓርክ መጥቶ በሜሪላንድ 29 ለ 28 ተሸነፈ። ሁለቱም የሎስ አንጀለስ ቡድኖች ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በረው በአንድ ቅዳሜ የምሥራቁ ጠረፍ ላይ ነበሩ። ፉትቦል በሳምንት አንድ ጊዜ ስለሆነ ይቻላል። በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚጫወቱት የመረብ ኳስና የሶፍትቦል ሴቶች ግን ለቴሌቪዥን ተብሎ በተሳለው ካርታ ላይ ፈተናቸውን አየር ማረፊያ ውስጥ እያጠኑ ይጓዛሉ። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ የመጣው በፉትቦል ነው፤ ፉትቦልን ብቻ በዚህ ካርታ አጫውቶ ሌሎቹን ስፖርቶች ከጎረቤት ጋር መተው ይቻል ነበር፤ አሁንም ይቻላል። ያላደረጉበትን ምክንያት የሚያሳምነኝ አላገኘሁም።

የጠፋው የጎረቤት ጨዋታም ቀላል አይደለም። ኦክላሆማና ኦክላሆማ ስቴት ከ1904 ጀምሮ ይጫወቱ ነበር፤ ኦክላሆማ ወደ ኤስ ኢ ሲ በመሄዱ ከ2023 በኋላ ዓመታዊው ጨዋታ ቆመ። ቴክሳስና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2011 ተለያይተው እንደገና የተገናኙት በ2024፣ ሁለቱም በአንድ ኮንፈረንስ ውስጥ ዳግም ከተቀመጡ በኋላ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ሜሪላንድ ወደ ኤ ሲ ሲ አይመለስም። የቢግ ቴን ነባር አባል በአሁኑ ጊዜ ከኮንፈረንሱ በዓመት ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛል፤ በኤ ሲ ሲ አማካዩ 45 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከ2025 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቅዷል፤ ጣሪያው ለመጀመሪያው ዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ልዩነቱን ጥሎ የሚሄድ ፕሬዚዳንት አይኖርም። ኤ ሲ ሲ ራሱም የድሮው ኤ ሲ ሲ አይደለም። ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን ከስሰውት ነበር፤ በመጋቢት 2025 ሲታረቁ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ትልቁ ክፍል እንደየቡድኑ የተመልካች ቁጥር እንዲከፋፈል ተስማሙ፤ የመውጫ ክፍያውም ከዓመት ዓመት እየቀነሰ በ2030 ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር ይወርዳል።

መከታተል የሚገባዎት ያንን ዓመት ነው። የቢግ ቴን ውል በ2030 ያበቃል፤ የቢግ 12 በዓመቱ ይከተላል። ያን ጊዜ ትልልቆቹ ቡድኖች «እኛ እያመጣነው ለምን እኩል እንካፈላለን?» የሚል ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ኤ ሲ ሲ ላይ ጥያቄው ተነስቶ መልስ አግኝቷልና። በተመልካች ቁጥር መከፋፈል ቢግ ቴን ውስጥ ከገባ የሜሪላንድ ድርሻ ይቀንሳል፤ ሜሪላንድን የሚያሰጋው ከኮንፈረንስ መባረር ሳይሆን ይህ ነው።

ጎረቤቶቹን ማየት ከፈለጋችሁ ግን መንገድ አለ። ቢግ ቴን ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን ዘጠኝ የኮንፈረንስ ጨዋታ አለው፤ ሦስቱን ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲው ከፈለገው ጋር ይይዛል። ሜሪላንድ በ2023 እና በ2024 ከቨርጂኒያ ጋር የተጫወተው በዚህ መንገድ ነው። እነዚህ ጨዋታዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚደረጉት በመስከረም ወር፣ የኮንፈረንሱ ውድድር ሳይጋጋል ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት የኮንፈረንስ ጨዋታዎች ሰዓት ግን ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ጣቢያዎቹ ከመረጡ በኋላ፣ ጨዋታው 12 ወይም 6 ቀን ሲቀረው ስለሆነ፣ ልጅዎ ለእነርሱ ትኬት ስትይዝ ቀኑን እንጂ ሰዓቱን አስቀድማ አታገኘውም።